ቁልፉ ተነቅሎም የማይጠፋ ሶኬት፦ የአንዲት ቪትዝ ጉዳይ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት አንዲት ብርማ ቪትዝ ትቆማለች። የጎረቤታችን የጋሼ ናት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። መኪናዋን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሷት። እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ረቡዕ ደግሞ ሳሪስ ወዳለችው ልጃቸው። በቀረው ቀን ቆማ ትውላለች፣ ቆማ ታድራለች።

ለዚህች መኪና በዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ተገዝቷል። ሦስተኛው ሊገዛ ሲል ነው እኔ ጉዳዩ ውስጥ የገባሁት። የሆነውን ከነቁጥሩ የምጽፈው የጋሼ ብቻ ችግር ስላልሆነ ነው። በየብሎኩ አየዋለሁ። ባትሪ ይሞታል፣ አዲስ ይገዛል፣ እሱም ይሞታል። የባትሪ ዋጋ ደግሞ ለጡረተኛ ቀርቶ ለደመወዝተኛም ያማል። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ የሚያወጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ቴስተር አለ። ይኸው ነው።

የኅዳር ጽዮን ለሊት

የኅዳር ጽዮን ዕለት ለሊት 11 ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ከእንቅልፍህ ቀሰቀስኩህ። መኪናዋ እምቢ አለች።»

ጃኬት ደርቤ ወረድኩ። ባለቤታቸው እትዬ መኪናው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ከተዋል። የኅዳር ብርድ ነው፣ ያውም እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ ነፋስ የማይለየው ሜዳ። ቁልፉን አዞርኩት። የዳሽቦርዱ መብራቶች ፈዘው በሩ። ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ብቻ። በእያንዳንዱ ቀጭታ መብራቶቹ ይደክማሉ፣ ይመለሳሉ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሊያዞር ይሞክራል፣ አቅም ግን የለም። ይህንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ባትሪው ባዶ ነው።

ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ሁለት ወጣቶች ሊገፉልን መጡ። አስቆምኳቸው። መኪናዋ ኦቶማቲክ ናት። ማንዋል ብትሆን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ስትንደረደር መልቀቅ ነበር። የእንደዚህች ዓይነቷ ኦቶማቲክ ግን በግፊ አትነሳም። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ግፊት የሚያገኘው ሞተሩ ሲዞር ነው። ሞተሩ ካልዞረ ጎማው ቢሽከረከርም ጉልበቱ ወደ ሞተሩ አይሻገርም። ልጆቹ በከንቱ ይደክማሉ፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

መንገድ ዳር ያገኘነው የሚኒባስ ሹፌር ኬብል ነበረው። ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ አገናኘን። ጥቁሩን ከሱ ባትሪ ኔጌቲቭ አንስተን የኛን ጫፍ ባትሪው ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ካለ ባዶ ብረት ጋር አነከስነው። እንዲህ የሚደረገው የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚፈጥር ነው። ከባትሪ የሚወጣ ሃይድሮጂን ጋዝ አጠገብ ብልጭታ አይፈለግም። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ተነሳች።

ሊሄዱ ሲሉ የግቢው ጥበቃ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ አላርሙ ግን ጥሩ ነው። ለሊቱን ሙሉ ያ ሰማያዊ መብራት ይበራል። ሌባ እንኳን ሊነካት አያያትም» አላቸው። ጋሼም «ተመስገን» ብለው ሄዱ። እኔም ሰማሁት፣ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። መልሱ ሙሉ ለሙሉ እዚያች ንግግር ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን ልፋት ይቀር ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀደም ብሎ የተባለው ሁሉ

ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ተቀምጠን የመኪናዋን ታሪክ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ባትሪ አራት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠርቷል። ከዚያ ሞተ። ባትሪ ያረጃል፣ አራት ዓመት መጥፎ ዕድሜ አይደለም። አዲስ ገዙ። እሱ በስምንት ወሩ ሞተ። የሸጠላቸው ሱቅ «ይሄ የአያያዝ ነው፣ ዋስትናው አይሸፍነውም» አላቸው። ሁለተኛ ገዙ። ይኸው ዘንድሮ በሰባት ወሩ እሱም ወደቀ።

አንድ ጋራዥ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከፍቶ አየና «ዲናሞው አይሞላም፣ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ዲናሞ ይግዙ፣ እኔ እገጥማለሁ» ብሏቸዋል። ዲናሞ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው። በምን ለካው ብዬ ጠየቅኩ። አልለካውም። በድምፁ ነው ያወቀው።

እዚህ ላይ ቅር ያለኝን ሳልናገር አላልፍም። ዲናሞ መሙላቱን ለማወቅ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰው ሶማሌ ተራ ድረስ ወርደው፣ ያገለገለ ዕቃ ተከራክረው ገዝተው፣ ለእጅ ዋጋ ከፍለው፣ በሳምንቱ መኪናቸው መልሳ እንድትቆም ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ልኬቱ

በማግስቱ ጠዋት ማንም መኪናዋን ሳይነካ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረግኩ። 12.0 ቮልት።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚል ላስረዳ። የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል። 12.2 ሲሆን ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። 12.0 ላይ ሩብ ያህል ነው ያለው። ወደ 11.8 ሲወርድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ ስናየው የ12 ቮልት ባትሪ 12 ቮልት ስላሳየ ደህና ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም።

ሞተሩን በኬብል አስነሳነው። ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት። የፊት መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ አበራሁ። 13.7። ዲናሞው ጤነኛ ነው። ሞተር በርቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል ካለ ባትሪው እየተሞላ ነው። የዲናሞው ጉዳይ እዚያው አበቃ። ጋሼ ደብተር አምጥተው ቁጥሮቹን መጻፍ ጀመሩ።

እንግዲህ ባትሪው ይሞላል፣ ግን ይባክናል። የቀረው ጥያቄ መኪናዋ ቆማ ሳለ ስንት ትበላለች የሚለው ነው። ይሄን ብቻዬን ከምነካካ ብዬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ መጣ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታን። ቴስተሩን አምፔር ላይ፣ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ አድርገን በገመዱና በባትሪው መካከል አስገባነው። ከመኪናዋ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ አሁን በቴስተሩ ነው የሚያልፈው። በዚህ ሰዓት ማንም ቁልፍ እንዳያዞር አስጠነቀቅን። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፣ የቴስተሩን ፊውዝ ወዲያው ይበጥሰዋል።

በር መክፈት ስላለብን፣ በሩ ሲዘጋ የሚጫነውን ትንሽ ማብሪያ በፕላስተር ተጭነን አሰርነው። አለበለዚያ የውስጡ መብራት ይበራና ልኬቱን ያበላሸዋል። ሃያ ደቂቃ ዝም ብለን ጠበቅን። መኪና እንደጠፋች ወዲያው አትተኛም። በተለይ አዳዲሶቹ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጁ ይችላሉ። ቶሎ የለካ ሰው ትልቅ ቁጥር አይቶ ይደነግጣል።

ቁጥሩ 0.16 ላይ ቆመ። አልወርድም አለ።

የጤነኛ መኪና ፍጆታ ቆማ ሳለች ብዙውን ጊዜ ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። ሰዓቱን፣ የሬዲዮውን ማስታወሻ፣ የሞተር ኮምፒውተሩን ለማቆየት የምትበላው ናት። 0.16 ግን የሦስት መኪና ነው።

ፊውዞቹ

ኤሌክትሪሻኑ በመሪው ሥር ተኝቶ የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። እኔ ቴስተሩን እያየሁ ቁጥር እጠራለሁ። «ነቀልኩ።» «0.16።» «መለስኩ። ሌላውን ነቀልኩ።» «0.16።» የሬዲዮው ሲነቀል ትንሽ ወረደ፣ ሲመለስ ተመለሰ። ዋናው ሌባ ግን ከሳጥኑ ውስጥ የለም።

ከዚያ አንዱን ፊውዝ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ክዳኑ ላይ የሲጋራ መለኮሻ ምልክት ያለበት ነው፤ ማለትም የሶኬቱ። ባለ 15 አምፔር፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ። መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ብረት ተቆርጣለች። ዳርና ዳሯ ጠቁሯል።

«ይሄ ተቃጥሏል» አለ።

ቀና ብሎ ሶኬቱን አየ። እኔም አየሁ። ሶኬቱ ላይ አንድ ብሉቱዝ ያለው የኤፍኤም ማስተላለፊያ ተሰክቷል። መስኮቱ ላይ በሰማያዊ ቁጥር 88.5 ይላል። ቁልፉ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። የሶኬቱ ፊውዝ ተቃጥሎ በልጁ እጅ ላይ ነው። ማስተላለፊያው ግን ቁልጭ ብሎ በርቷል።

«ፋዘር፣ ይሄን ዳይሬክት ያደረገው ማነው?» አለ ልጁ። ዳይሬክት ማለት በፊውዙና በቁልፉ ሳያልፍ ከባትሪው በቀጥታ መስመር መሳብ ነው።

እጄን ዘርግቼ ማስተላለፊያውን ነካሁት። በዚያ ብርድ ሞቅ ብሏል። ነቀልኩት። ቴስተሩ ላይ 0.16 የነበረው 0.03 ሆነ።

የጥበቃው «አላርም» ይሄው ነበር። ቪትዟ አላርም የላትም።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ

ጋሼ ቁጭ ብለው አስታወሱ። ከዓመት ተኩል በፊት ውጭ አገር ያለ ልጃቸው በሶኬት የሚሠራ የጎማ መንፊያ ላከላቸው። ሁለት ጎማ ነፉበት። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለ። ሶኬቱም ከዚያ ወዲህ ስልክ አልሞላ አለ። አንድ ሠራተኛ ጋ ወሰዱት። «ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ» ብሎ በሩብ ሰዓት መለሰላቸው። ሠራ። ደስ አላቸው። እንዲያውም ሞተር ጠፍቶም ስልክ ስለሚሞላ «ተሻሽሎ መጣ» ብለው ነበር።

መንፊያውን አስመጣሁና ጀርባውን አነበብኩ። 180 ዋት ይላል። ጋሼ ሳልጠይቃቸው «180 ለ12 ሲካፈል 15» አሉ። ልክ 15። ፊውዙ የሚችለው ጫፍ ላይ ነው። ትንሽ ከተጨናነቀ ይቃጠላል። ፊውዙ የተሠራለትን ሥራ ነው የሠራው። መደረግ የነበረበት ያንን ቁራጭ ፕላስቲክ አውጥቶ ሌላ ባለ 15 ማስገባት ብቻ ነበር።

ማስተላለፊያው ደግሞ ለምን ገባ? የጃፓን መኪና ሬዲዮ ነው ምክንያቱ። ጃፓን ውስጥ የኤፍኤም ስርጭት ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር። ከዚያ የመጣ አሮጌ ሬዲዮ ኤፍኤም አዲስ 97.1ን፣ ፋናን 98.1ን፣ ሸገርን 102.1ን አይደርስባቸውም። ባለ መኪናው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው ማስተላለፊያ ይገዛል፣ ሬዲዮው በሚደርስበት በ88 አካባቢ ያደርገዋል፣ ፍላሽ ይሰካበታል። ጋሼም መዝሙር ጭነውበታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቁልፉን ይነቅላሉ፣ ሬዲዮው ይጠፋል፣ ጸጥ ይላል። ማስተላለፊያው ግን አልጠፋም። ሬዲዮው በሌለበት፣ ሰሚ በሌለበት፣ ያንን መዝሙር እስከ ረቡዕ ድረስ ሲያስተላልፍ ይሰነብት ነበር። ቀን ላይ ፀሐይ ስላለ መብራቱ አይታይም። ማታ የሚያየው ጥበቃው ብቻ ነው።

የጋሼ ስሌት

ደብተሩን ገልብጠው ራሳቸው አሰሉት። የማስተማር ልማዳቸው መጣባቸው፣ እኔና ኤሌክትሪሻኑን እንደ ተማሪ አቁመው ነው የጻፉት።

0.16 በ24 ሰዓት ሲባዛ 3.84። በቀን ወደ 4 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈው 35 አምፔር ሰዓት ነው። ከረቡዕ ከሰዓት እስከ እሁድ ንጋት 90 ሰዓት ያህል አለ። 90 በ0.16፣ 14.4። የባትሪው አርባ በመቶ ወጣ። ከእሁድ ረፋድ እስከ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ሌላ 11 ያህል።

«ታዲያ ስነዳት ትሞላ የለ?» አሉ።

ትሞላለች፣ ግን አይበቃትም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ሃያ ደቂቃ መሄድ፣ ሃያ ደቂቃ መመለስ። የተራበ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ብዙ ይቀበላል፣ እየሞላ ሲሄድ አቀባበሉ ይቀንሳል። የእርሳስ ባትሪን ጠርዙ ድረስ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በሃያ ደቂቃ ሦስት፣ ቢበዛ አራት አምፔር ሰዓት ቢመለስ ነው። 14 እየወጣ በደርሶ መልሱ 7 ይገባል። በየሳምንቱ ዕዳ ይቀራል። ሳሪስ ሲሄዱ ትንሽ ያካክሳል፣ ግን ያን ዕዳ አይዘጋውም።

ጋሼ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «እንዲህ ከሆነ ስምንት ወር መቆየቱም ይገርማል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የክረምትና የኅዳር ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ንጋት ላይ፣ ሁልጊዜ በዓል ቀን እምቢ የምትለው።

ባትሪውን የሚገድለው ደግሞ አንዴ መውረዱ ብቻ አይደለም። ግማሽ ጎድሎ ሲሰነብት የእርሳሱ ሳህኖች ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት ይጠነክራል፤ ቆይቶ ቢሞላም ወደ ነበረበት አይመለስም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው ለመሞላት ነው። ቀስ በቀስ ተጠብቶ ባዶ መሆንን አይችልም። የሱቁ ሰው «የአያያዝ ነው» ያለው በአንድ በኩል አልተሳሳተም። ምን ዓይነት አያያዝ እንደሆነ ግን አልነገራቸውም፣ ሌላ ባትሪ ሸጠላቸው እንጂ።

ሶኬቱ ራሱ ይበላል?

ይሄን ጥያቄ ያን ቀን ከሰፈሩ ሰው ብዙ ጊዜ ሰማሁት። ኮፈን ተከፍቶ ሲታይ ሰው ይሰበሰባል። መልሱ አይበላም ነው። ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ክፍት ጉድጓድ ነው። ኤሌክትሪክ እዚያ ደርሶ ይቆማል። የሚበላው የተሰካው ነገር ነው። ሁሉም ደግሞ እኩል አይበላም። ሰዎች ከየመኪናቸው ያመጡትን በቴስተሩ ሞከርነው። ስልክ ያልተሰካበት ተራ ቻርጀር 0.01 ነበር። ይሄ ለሳምንት ቢቀመጥ እንኳ ጤነኛ ባትሪ አይጥልም። ቮልት የሚያሳይ ቁጥር ያለው ቻርጀር 0.02። የአንድ የታክሲ ሹፌር የዳሽቦርድ ካሜራ ሲቀርጽ 0.3። እንዲህ ያለው የጋሼን ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ግማሹን ይጨርሰዋል። አንዱ ያመጣው ላፕቶፕ የሚሞላበት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 0.35 ሳበ። ባለቤቱ ደነገጠ፤ ስላልተጠቀመበት የማይበላ መስሎት ነበር።

ከፋብሪካው ጀምሮ ሶኬታቸው የማይጠፋ መኪኖችም አሉ። በተለይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ባለ ሁለት ሶኬት ሆነው የፊቱ ከቁልፍ ጋር የሚጠፋ፣ የኋላው ሁልጊዜ የሚሠራም አለ። ይሄ ብልሽት አይደለም። ቆሞም ማቀዝቀዣ ወይም ስልክ ለሚሰካ ሰው ይጠቅማል። ጉዳቱ ባለቤቱ ሳያውቀው ሲቀር ነው። ለማወቅ ደግሞ መብራት ያለው ቻርጀር ሰክቶ፣ ቁልፍ ነቅሎ፣ በር ዘግቶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በመስታወት ማየት ይበቃል። ወዲያው ማየት አይበቃም። አንዳንዱ መኪና ቁልፍ ከተነቀለ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ይሰጥና ራሱ ያጠፋዋል።

የካሜራው ባለቤት ሹፌር ግን መኪናው ሲቆምም እንዲቀርጽለት ይፈልጋል፣ ምክንያትም አለው፣ ጎኑን ገጭተውት የሄዱ አሉ። ለእሱ ኤሌክትሪሻኑ የነገረው ሌላ ነው። ቮልቱ ወደ 12 አካባቢ ሲወርድ ራሱ የሚቆርጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በካሜራውና በባትሪው መካከል ይገባል። ከባትሪ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው አንድ ጎረቤት «እኛስ ከዚህ ተገላገልን» አለ። አልተገላገሉም። በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ግን እነሱም ውስጥ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። መብራቱን፣ የበሩን ቁልፍ፣ ኮምፒውተሩን የምታሠራው እሷ ናት። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሿ ከሞተች መኪናው አይነሳም። ሶኬቱ ላይ የሚሰካውን ነገር እነሱም ይመልከቱ።

የተደረገው

ኤሌክትሪሻኑ ያንን «ዳይሬክት» መስመር ተከትሎ ሄደ። ቀጭን ቀይ ገመድ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ፣ በሞተሩና በሰው መቀመጫ መካከል ባለው ብረት ቀዳዳ አልፎ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ይገባል። መንገዱ ላይ አንድም ፊውዝ የለውም። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ጠራኝ። ገመዱ በብረቱ ስለት ላይ ነው የተቀመጠው። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሲፋተግ ፕላስቲኩ ተልጦ የጥፍር ያህል መዳብ ይታያል።

ዝም ብዬ አየሁት። ያ መዳብ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በዚያች ቀጭን ገመድ ይሮጥ ነበር። የሚቆርጠው ፊውዝ የለም። ገመዱ ራሱ ግሎ ይነዳል። ከበላዩ የዳሽቦርድ ፕላስቲክና ስፖንጅ ነው። ጋሼና እትዬ ዓመት ተኩል ሙሉ በዚህ ላይ ተቀምጠው ነው የሄዱት። ባትሪውን ረሳሁት። የባትሪ ገንዘብ ይመለሳል።

ገመዱን ከነሥሩ አወጣው። ዋናው የፋብሪካው መስመር ደህና ነበር። አዲስ ባለ 15 ፊውዝ አስገባ። ጋሼ «20 አድርግበት፣ እንዳይቃጠል» ሲሉት እምቢ አላቸው። «ፋዘር፣ ገመዱ የተሠራው ለ15 ነው። 20 ካደረግሁበት ፊውዙ ቆሞ ገመዱ ነው የሚቃጠለው» አላቸው። ይህን ልጅ የወደድኩት ያኔ ነው። የጎማ መንፊያውን ደግሞ ከእንግዲህ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት ጫፉን ቆርጦ ባትሪ ላይ የሚነክስ መቆንጠጫ ገጠመለት። ገመዱ ላይ ፊውዝ ማስገባቱንም አልረሳም።

ባትሪውን ኮንቴይነሩ ወስዶ በ3 አምፔር ቀስ አድርጎ ሲሞላው አደረ። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ስለዚህ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ቆየ። አርፎ ሲለካ 12.5። ሙሉ አልሆነም። የተጎዳው ተጎድቷል። ግን ለጊዜው ይሠራል ብለን መለስነው። ሦስተኛ ባትሪ አልተገዛም፣ ዲናሞም አልተቀየረም። የፊውዙን ዋጋ ልጁ አልቀበልም አለ። የጉልበቱን ጋሼ በግድ ኪሱ ከተቱለት።

ከዚያ ወዲህ

ጋሼ ትንሽ ቴስተር ገዙ። እሁድ እሁድ ከመነሳታቸው በፊት ለክተው ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። ገጹን አይቼዋለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልት፣ በሦስት ዓምድ ተሰምሮ። 12.4፣ 12.5፣ 12.4፣ 12.4። ማስተላለፊያው አሁንም ሶኬቱ ላይ ነው። ቁልፍ ሲነቀል ይጠፋል።

ጥር ላይ ጋሼን ጉንፋን ጣላቸው። አስራ አንድ ቀን መኪናዋ ሳትነካ ቆመች። በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እኔን ጠርተው ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱ። 12.3። ቁልፉን አዞሩ። በአንዴ ተነሳች። እትዬ ከፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው እልል አሉ።

ጥበቃው ግን ቅር ብሎታል። በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አስቁሞኝ «የጋሼ መኪና አላርሟ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ መብራቱ ከጠፋ ቆየ። ንገራቸው እንጂ» አለኝ። ቆሜ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። ስጨርስ «ታዲያ ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምጠብቃት ማለት ነው» አለና ወንበሩን ወደ ቪትዟ ጠጋ አደረገ።